የተሳላሚው መንገድ፤ ብቸኝነትና ጓደኝነት በንግደት ታሪክ

በግዕዝ «ነገደ» የሚለው ግስ መጓዝን፣ ከአገር ወደ አገር መዘዋወርን ያመለክታል። ከዚሁ ከአንድ ሥር ሦስት ቃላት ተወልደው ሦስቱም እስከ ዛሬ በሕዝቡ አንደበት ይኖራሉ፤ ነጋዴ፣ እንግዳ፣ ንግደት። ነጋዴ ሸቀጡን ጭኖ ከሲራራው ጋር የሚጓዝ ሰው ነው፤ ከጓደኞቹ ከተነጠለ ይዘረፋል። እንግዳ በማያውቀው ደጅ ቆሞ ማደሪያ የሚለምን ነው፤ በዚያች የምሽት ሰዓት ከእርሱ የባሰ ብቸኛ አይገኝም። ንግደት የወጣው ተሳላሚ ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ነው። እንደ ነጋዴው የመንገድ ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ እንደ እንግዳው ከሚያውቁት ሁሉ ተለይቶ ከራሱ ጋር መሆንን ይሻል። እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። የአገራችን የተሳላሚ መንገዶች ታሪክ ግን ሕዝቡ በረዥም ዘመን ልምድ ሁለቱን አስታርቆ የሚያኖር ሥርዓት እንደ ፈጠረ ያስረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ሥርዓት ከምን የኑሮ ሁኔታ እንደ በቀለ፣ ምን ጥቅም እንደ ሰጠና ምን ዋጋ እንዳስከፈለ መመርመር ነው።

የሲራራው ዘመን

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን መሳለም በመካከለኛው ዘመን የወራት፣ አንዳንድ ጊዜም የዓመታት ጉዞ ነበር። አንደኛው መንገድ በኑብያ በኩል የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ግብጽ ይወርዳል፤ ሌላው ከሰሜኑ ደጋ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ወርዶ በሰዋኪን በኩል ያልፋል። በሁለቱም መንገዶች በረሃ አለ፤ ውሃ የሌለበት ጉዞ አለ፤ ዘራፊና ባሪያ ፈንጋይ አለ። ስለዚህ ተሳላሚው እንደ ነጋዴው በሲራራ ይጓዝ ነበር።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቶ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከባሕር ነጋሽ መቀመጫ ከድባርዋ ወደ ኢየሩሳሌም ስለ ተነሣ አንድ የተሳላሚዎች ጉባኤ ይተርካል። ቁጥራቸው 336 ሲሆን ከመካከላቸው 15ቱ ሴቶች መነኮሳይያት ነበሩ። ይህ ጉባኤ የሚጓዘው ቀስ እያለ ነው። ባረፈበት ስፍራ ድንኳን ተክሎ ጸሎቱንና ቅዳሴውን ያደርሳል፤ በሌላ አነጋገር ደብሩን ተሸክሞ የሚሄድ ተንቀሳቃሽ ገዳም ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና ብዛታቸው አላዳናቸውም። ወደ ሰዋኪን አቅጣጫ ሲጓዙ ጥቃት ደረሰባቸው፤ ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፣ ወጣቶቹ ተይዘው ተሸጡ፣ ያመለጡት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

ከዚህ አሳዛኝ ታሪክ አንድ መሠረታዊ ነገር እንገነዘባለን። ጓደኝነት በተሳላሚው መንገድ ላይ የመንፈስ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሕይወትን የማትረፍ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሆኖ መሄድ የጠላትንም ዓይን ይስባል። ተሳላሚው በሲራራና በብቸኝነት መካከል ሲመርጥ፣ በአንድ በኩል የውሃ ጥምንና የአውሬን፣ በሌላ በኩል የባሪያ ፈንጋይን አደጋ እየመዘነ ነበር። ብቻውን የሚሄደው ተሳላሚ ከዚህ ምርጫ የተወለደ ሰው ነው። ብቸኝነቱ ከጸሎት ፍቅር ብቻ የመጣ ሳይሆን ከዘመኑ የኑሮ ጭካኔም የመጣ ነበር።

ለዚህ ብቸኛ መንገደኛ መጠጊያ የሆኑት በመንገዱ ርዝመት የተዘረጉት የኢትዮጵያውያን ማኅበሮች ናቸው። በግብጽ በቁስቋም ገዳም፣ በካይሮ ከተማ፣ በአስቄጥስ በረሃ፤ ከዚያም አልፎ በኢየሩሳሌም፣ በቆጵሮስና በሮም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሚኖሩባቸው ቤቶች ነበሩ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለሳምንታት የአገሩን ቋንቋ ሳይሰማ ይከርምና በአንዱ ደጅ ሲደርስ ያ ቋንቋ ይቀበለዋል። እነዚህ ቤቶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ናቸው፤ በፍሬውና በፍሬው መካከል ያለው ክር ግን መንገደኛው ራሱ ነበር። በአንዱ ቤት የሰማውን ወሬ፣ የተማረውን ዜማ፣ የተቀበለውን መጽሐፍ ወደ ሌላው ያደርሳል።

ዜማ የሰማ ጆሮ

በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሚገኘው ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የተባለው ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች መጠለያ ሆኖ ነበር። በዚህ ቤት የሆነው ነገር ለኪነ ጥበብ ሰው ልዩ ትርጉም አለው።

ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የጀርመን ቄስ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሮም ሳለ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሲያዜሙ ይሰማል። የዜማው ቋንቋ ምን እንደ ሆነ አላወቀም፤ እንዲያውም ከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ ተሳስቷል። ነገር ግን ሰምቶ ዝም አላለም። ከኢየሩሳሌም መጥቶ በሮም ከነበረ ቶማስ ከተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ዘንድ ፊደሉን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ መሣሪያ የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ይኸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ከደብረ ሊባኖስ የወጣው አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዚያችው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 በግዕዝ አሳተመ። መነኮሳቱ በመጽሐፉ ውስጥ ለተገኘው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ የማይችሉ፣ እነርሱ ራሳቸው ደግሞ የኅትመት ሥራ የማያውቁ እንደ ነበሩ፣ አንዱ ሌላውን እየመራ ሥራው እንደ ተፈጸመ ገልጸዋል።

ይህን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ቶማስም ሆነ ተስፋ ጽዮን በባዕድ ከተማ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው በጣት በሚቆጠርበት ኑሮ ውስጥ ነበሩ። ዳዊት መድገም ለመነኩሴ የግል ሥራው ነው፤ በአጠገቡ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ይደግማል። ሆኖም ከራሱ ጋር ሊሆን ያሰማው ድምፅ በመስኮት ወጥቶ የማያውቀውን ሰው አስቆመ። ያ የቆመ ሰው ተማሪ ሆነ፤ ከተማሪውም መጽሐፍ ተገኘ። ጓደኝነት በተሳላሚው መንገድ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። ተሳላሚው ጓደኛ ፍለጋ ሳይወጣ የራሱን ጉዳይ ሲያከናውን ጓደኛው ወደ እርሱ ይመጣል።

የጣራው ገዳም

የሁለቱ ፍላጎቶች እርቅ በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ የሚታይበት ቦታ ቢኖር በኢየሩሳሌም የሚገኘው ዴር ሡልጣን ነው። ገዳሙ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚገኘው በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ የተሠራ ነው። በጣራው መካከል የታችኛው ጸሎት ቤት ጉልላት ብቅ ብሎ ይታያል፤ በዙሪያው የመነኮሳቱ ጠባብ ጎጆዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ጎጆ ለአንድ ሰው ነው፤ በሩ ሲዘጋ መነኩሴው ብቻውን ነው። በሩ ሲከፈት ግን ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ ከእግሩ በታችም የዓለም ሕዝብ ሁሉ ተሳላሚ ይመላለሳል።

ይህ ኑሮ ያለ ዋጋ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1838 የገባው ወረርሽኝ በገዳሙ የነበሩትን ኢትዮጵያውያን ከሞላ ጎደል ፈጃቸው። ለጸሎትና ለብቸኝነት ሲሉ አገራቸውን ጥለው የወጡት ሰዎች ባንድነት አለቁ፤ ከእነርሱም ጋር የመብታቸው ምስክር ጠፋ። ይዞታቸው በሌሎች እጅ ሲገባ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ የሚቆም በቂ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1970 የመተላለፊያው በሮች ቁልፍ እንደገና በኢትዮጵያውያኑ እጅ ቢገባም፣ ጭቅጭቁ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተቋጨም። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰው ብቻውን ሊጸልይ ይችላል፤ ብቻውን ግን መብቱን ሊጠብቅ አይችልም። የብቸኛው ጎጆ የሚጸናው ከጎኑ ሌላ ጎጆ ሲኖር ነው።

«የእግዜር እንግዳ»

ከባሕር ማዶ ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ላሊበላን፣ ግሸንን፣ አክሱምን፣ ዝቋላን ለመሳለም በእግሩ የሚጓዘው ገበሬ በመንገዱ ሁሉ ገዳም አያገኝም። ለእርሱ ገዳሙ የማንም ሰው ቤት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከአንድ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱ ዘሩን፣ አገሩን፣ ሀብቱን ከመጠየቁ በፊት «ይግቡ» ይለዋል። የቤቱ ልጅ ወይም እመቤቲቱ ውሃ አምጥታ እግሩን ታጥበዋለች። ካለው እራት ይካፈላል፤ በመደቡ ላይ ወይም በምድጃው ዳር ይተኛል። ማለዳ «መንገዱን ያቅናልዎ» ተብሎ ይሸኛል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሊጤን የሚገባው የደግነቱ ነገር ብቻ አይደለም። «የእግዜር እንግዳ» የሚለው ስም ራሱ መሸሸጊያ ነው። እንግዳው የእግዜር ከሆነ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ወጣ፣ ምን በደል እንዳለበት የመናገር ግዴታ የለበትም። ማኅበራዊ ኑሮ ሰውን በአባቱ ስም፣ በርስቱ፣ በጌታው ስም ይጠራዋል። በንግደት መንገድ ላይ ግን ተሳላሚው ለካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስሙን ነው፤ ጓደኞቹም «አባቴ»፣ «እናቴ»፣ «ወንድሜ»፣ «እቴ» እያሉ ይጠሩታል። በዚህም ዘዴ ሰው በሰው መካከል ሆኖ ምሥጢሩን ይጠብቃል። የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰው፣ ማንም በማያውቀው ሰዎች መካከል ጥቂት ቀን ያርፋል።

ስንቁም የራሱ ሕግ አለው። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው በየአገልግሉና በየአቁማዳው የግል ነው፤ በጥላ ሥር ሲቀመጡ ግን የጋራ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የመንገደኛ ጥበብ ነው። ከበሉ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ሸክሙን አንሥቶ ባለው ጉልበት መጠን ይሄዳል። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ለብዙ ሰዓት ማንም ሳይናገረው በሐሳቡና በጸሎቱ ብቻ የሚሄደው ሰው፣ በሚቀጥለው ወንዝ ማዶ የቀደሙት ጓደኞቹ እንደሚጠብቁት ያውቃል። በዝምታው የሚያስጨንቀው ነገር ስለሌለ ብቸኝነቱ ዕረፍት ይሆነዋል።

የስለት ነጻነት

ይህ ነጻነት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ለማን እንደ ነበር ስናስብ የነገሩን ማኅበራዊ ሥር እናገኛለን። በፊውዳሉ ሥርዓት ጭሰኛው ጊዜው የራሱ አልነበረም፤ ከእርሻው በተረፈው ቀን የባላባቱን አጥር ያጥራል፣ እህል ይጭናል። የገበሬዋ ሚስት ደግሞ ከባሏም የባሰ ነበረች። ከወፍጮው፣ ከማጀቱ፣ ከምንጩ፣ ከልጆቿ ተለይታ ለራሷ የምታስብባት ሰዓት አልነበራትም። በሰው መካከል ትውላለች፣ በሰው መካከል ታድራለች፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው የመረጠችው ጓደኛ አልነበረም። ብቻዬን ልቀመጥ ብትል «ምን ነካት?» ትባላለች፤ ያለ ምክንያት ከቤት ብትወጣ ስሟ ይጠፋል።

ነገር ግን «ስለት አለብኝ» የምትል ሴት ሌላ ሰው ነበረች። ስለት ዕዳ ነው፤ ዕዳውም የላይ ዕዳ ስለሆነ ባል፣ አማት፣ ባላባት በቀላሉ ሊከለክለው አይደፍርም። ልጅ ያጣችው፣ ልጅ የሞተባት፣ በሽታ የጠናባት ሴት በዚህች አንዲት ቃል ከደጇ ወጥታ የሳምንታት መንገድ ትሄዳለች። በመንገዱም ላይ ሁለቱን የተነፈገቻቸውን ነገሮች ታገኛለች። እንደ እርሷ ስለት ያለባት፣ ከሌላ አገር የመጣች ሴት ታገኝና ለጎረቤቷ ያልነገረችውን፣ ለነፍስ አባቷ ያፈረችውን ትነግራታለች፤ ሁለቱ ዳግመኛ አይገናኙምና ምሥጢሩ ከመንገዱ አይወጣም። ደግሞም ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳያዛት ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች። ከስለቷ ጋር ይህን ያገኘች ሴት፣ ስለቷ ቢሠምርም ባይሠምርም፣ ባዶ እጇን አልተመለሰችም።

ይህን ስንል መንገዱን ከመደብ ልዩነት ነጻ አድርገን ለማቅረብ አይደለም። መኳንንቱ በበቅሎ፣ በድንኳን፣ በአጃቢና በሥንቅ ጫኝ ይሳለሙ ነበር፤ ድኻው ባዶ እግሩን። ነገር ግን ታሪክ እዚህ ላይ ይቀልዳል። ጌታው አጃቢው ስለሚከበው ብቻውን ሊሆን አይችልም፤ አጃቢው ሎሌው ስለሆነም ጓደኛ ሊያገኝ አይችልም። ንግደት የሚሰጣቸውን ሁለቱን ስጦታዎች የሚቀበለው በእግሩ የሚሄደው ነበር።

የግዴታ ብቸኝነትና የፈቃድ ብቸኝነት

የግሸን አምባ ይህን ልዩነት ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ይህ አምባ የግማደ መስቀሉ ማረፊያ ነው ተብሎ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝብ ይጎርፍበታል፤ ትውፊቱም ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ዘመነ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። ያው አምባ ግን እስከ 16ኛው መቶ ዓመት የነገሥታት ወንድሞችና ልጆች ለዙፋኑ እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት ነበር። መውጫው አንድ በር በመሆኑ ለእስር ይመቻል፤ በዚያው ምክንያት ለሱባኤም ይመቻል። በአንድ ድንጋይ ላይ ልዑሉ የዕድሜ ልክ ብቸኝነት ተፈረደበት፤ ገበሬው ደግሞ የጥቂት ቀን ብቸኝነትን ለማግኘት ገደሉን ወጣ። አምባው ሳይለወጥ፣ ብቸኝነቱን እስር ወይም ዕረፍት ያደረገው የመመለስ መብት መኖርና አለመኖር ነው።

በላሊበላም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በልደት በዓል በሺህ የሚቆጠሩ ተሳላሚዎች ከአለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ይሰፍራሉ፤ የአገሩም ሰው የተሳላሚን እግር በማጠብ ይቀበላቸዋል። በቤተ ማርያም ግቢ ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ የሕዝቡ ድምፅ አንድ ይሆናል። በሌላ በኩል ግን አብያተ ክርስቲያናቱን ከሚያገናኙት መተላለፊያዎች አንዱ ፍጹም ጨለማ ነው። ወደ ውስጡ የገባ ሰው የራሱን እጅ አያይም፤ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ከፊቱ ያለውን ሰው ነጠላ ይዞ ይሄዳል። የያዘው ነጠላ የማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የእርሱንም ነጠላ የያዘው ማን እንደ ሆነ አያይም። ከጨለማው ሲወጡ ሁሉም ይለቃቀቃሉ።

ባላ በትር

ንግደት የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደለም። በባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን ለዚያራ የሚጓዙት ምዕመናን በእጃቸው ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይይዛሉ። ይህን በትር የያዘ መንገደኛ የሼኩ እንግዳ መሆኑ ስለሚታወቅ የሚያልፍበት አገር ሰው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፤ ሊጎዳውም አይደፍርም። ብቻውን ቢሄድም በትሩ ጓደኛው ነው፤ በየቦታው ባላ በትር የያዘ ሌላ ሲያገኝ ደግሞ አብረው የሼኩን ውዳሴ በኦሮምኛ እያዜሙ ይሄዳሉ። ወደዚሁ ስፍራ ክርስቲያኖችም ስለት ይዘው ይሄዱ ነበር። በአንጻሩ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚወጡት መካከል ሙስሊሞች እንደሚገኙ የታወቀ ነው። የተሳላሚው መቋሚያና የዘያሪው ባላ በትር በቅርጽ ቢለያዩም ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም «ይህ ሰው ብቻውን ነው፣ ነገር ግን ባለቤት አለው» ብለው ይናገራሉ።

በኪነ ጥበባችንም ውስጥ ይኸው ጥንድ አለ። ከበሮ ያለ ጭብጨባና ያለ እልልታ ሙሉ አይሆንም፤ በገና ግን ሌሊት አንድ ሰው ለራሱና ለፈጣሪው የሚደረድረው ነው። ተሳላሚው በበዓሉ ቀን ወደ ከበሮው፣ በመንገዱ ላይ ወደ በገናው ያዘነብላል። ሁለቱንም የወለደ ሕዝብ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል እንደማይመርጥ የታወቀ ነው።

ዛሬ ወደ ላሊበላ አውሮፕላን ይበራል፤ ወደ ቁልቢ መኪና ይወጣል። ይህ ለሕመምተኛው፣ ለሽማግሌው፣ ሽፍታን ለሚፈራው እፎይታ ነው፤ በመንገድ የቀሩትን የሚያስታውስ ሰው እግረኛው ዘመን ይመለስ ብሎ አይመኝም። ነገር ግን የወራቱ መንገድ ወደ ሰዓታት ሲያጥር ከድካሙ ጋር የቀረ ነገር አለ። በአውቶቡስ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፤ ሆኖም ስንቁን አይካፈልም። ብቻውንም አይደለም፤ ሆኖም የሚያነጋግረው የለም። ችግሩ የመኪናው አይደለም፤ ሕዝቡ በእግር ዘመን ያበጀውን ሥርዓት በመኪና ዘመን ገና አላበጀውም።

በእግር የሚሄዱ ግን ዛሬም አሉ፤ የጥንቱን መንገድ የሚያውቁ አረጋውያንም በየመንደሩ አሉ። ተሳላሚው የት ያድር እንደ ነበር፣ በየትኛው ዛፍ ሥር ስንቅ ይፈታ እንደ ነበር፣ በየትኛው ወንዝ ጓደኛውን ይጠብቅ እንደ ነበር፣ ምን እያዜመ ዳገቱን ይወጣ እንደ ነበር ይናገራሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን ልኮ የማደሪያዎቹን ስም ቢያስመዘግብ፣ የዜማ ሰው የመንገዱን ዜማ ቢቀርጽ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ በአንድ ምሽት ደጅ ላይ የሚገናኙትን ባለቤትና እንግዳ ጠጋ ብሎ ቢያይ፣ በነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ ያልተጻፈ የሕዝብ ታሪክ ያገኛል። ይህ ሥራ ግን ጊዜ አይሰጥም። ያንን መንገድ በእግራቸው የሄዱት ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል፤ የሚያድሩበትን ደጅ ስም የሚያውቁትም እነርሱው ናቸው።